የወንድምየው ስልክ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንወርድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አልጋ ሠሪ ሽማግሌ፣ ለነገው ባዛር ስለሚታተመው ብሮሸራቸው አጠገባቸው ከተቀመጠችው የማተሚያ ቤት ልጅ ጋር ይከራከሩ ነበር።

«ሐጂ፣ አልጋው የታለ? የሰርግ አልበም አደረጉት እኮ!»

«የጎረቤቱን ፎቶ ሁሉ ትቼ የአልጋ ብቻ ላድርግ? አይቀየሙኝም?»

«ገዢው የሚተኛው ጎረቤትዎ ላይ ነው እንዴ?»

«እሺ፣ እነሱን አውጪያቸው።»

«ወንድምዎንስ? አላህ ይዘንላቸው፣ አኼራ ከሄዱ ዓመት ሆናቸው። ፎቷቸውም ስልክ ቁጥራቸውም እዚህ አለ።»

«እሱን እንዳትነኪ።»

«በሞተ ሰው ስልክ ማን አልጋ ያዛል?»

«ደንበኛው የሚያውቀው የእሱን ቁጥር ነው። ሲደወል እኔ አነሳለሁ።»

«እሳቸውን ቢጠይቁዎትስ?»

«ወጣ ብሏል እላለሁ።»

ባለቤቴን ከቀበርኩ ሰባት ወር የሆነኝ እኔ፣ መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ አለፍኩ።