ጳጉሜን ሁለት ጊዜ የቆጠረው ፕሮግራም

መስከረም ዘጠኝ ቀን ማለዳ፣ ምንይሉ ቢቸና መናኸሪያ ውስጥ የሞጣው መኪና እስኪሞላ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ በልጅነቱ ዳዊት ያስደገሙት የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመን ቆጠራ፣ መምህር የኔታ አካለ ወልድ መሆናቸውን ያወቀው ሲናገሩ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ገጠመህ?»

ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ጭንቀቱን አወጋቸው። ሞጣ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ ለእናቶች በስልክ የሚልክ ፕሮግራም ሠርቷል። ትናንት ስርጉት የተባለች እናት ልጇን አዝላ ግማሽ ቀን በእግሯ መጥታ፣ «ገና አምስት ቀን ይቀርሻል» ተብላ ተመለሰች። ሁለተኛ አልመጣም ብላ ምላ ሄደች። ነገ ደግሞ መልእክቱ ለአርባ እናቶች ይሄዳል።

«ታዲያ አታርመውም?»

«ስህተቱን ካየሁት ዘጠኝ ቀኔ ነው፣ የኔታ። ኮድ ስጽፍ የሚያግዘኝ ፈጣን ኤአይ አለ፤ አንዱን ሲጠግን ሌላው ይበላሻል። ባልደረባዬ የትናየት ‹ለከባዱ ነገር ረጅም አስቦ የሚመልስ፣ ከዚህ የበረታ ሞዴል አለ፤ እሱን አማክር› ትለኛለች።»

«አማከርኸው?»

«እኔ የሠራሁትን ሌላ ካቃናው፣ እኔ ምኑን ባለሙያ ሆንሁ?»

የኔታ ሳቁ። «እኔ ቅኔ የተቀኘሁት እዚሁ ነው። ባሕረ ሐሳብ ላይ ስደርስ ግን መምህሬ ‹ከዚህ በላይ እኔ አላደርስህም› ብለው፣ ስንቅ አስይዘው ወደሚበልጣቸው ሰደዱኝ። በዚህ አነሱ? እስከ ዛሬ በጸሎት የማነሳቸው ስለዚያች ቃላቸው ነው።»

«እሳቸው የላኩዎት ወደ ሰው ነው፤ ይሄ ማሽን ነው። ቢሳሳትስ?»

«ትመረምረዋለሃ! ግን አዲስ መምህር ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም። የተማርኸውን አሰምተህ፣ የቆምህበትን አሳይተህ ነው የምትቀርብ። ለዚህም እንደዚያው አድርግ።»

ምንይሉ አቀረቀረ። የያዘው ዕውቀት ሳይሆን ኩራት እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ብዙ የተማረ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። የእናቶቹን ስምና ስልክ ከፋይሎቹ ሰረዘ፤ ከዚያ ኮዱን በሙሉ፣ የሞከረውን ሁሉና የተሳሳተውን ቀጠሮ ጽፎ ለብርቱው ሞዴል ላከ። «እያሰበ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ወደድሁት» አሉ የኔታ፤ «አፉ አይቸኩልም።»

መልሱ መጣ። አንደኛው ፋይል የጳጉሜን አምስት ቀን ቆጥሯል፤ ቀጠሮ ሲዛወር የሚሠራው ሌላው ፋይል ደግሞ ያንኑ አምስት ቀን እንደገና ቆጥሮታል። ስህተቱ የነካውም ቀጠሮ የተዛወረላቸውን ብቻ ነው። ምንይሉ ዘጠኝ ቀን እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው ሲያይ ከርሟል፤ ሁለቱን አስተያይቶ አያውቅም። ማሽኑ ያን ሁሉ ኮድ አንድ ላይ ይዞ ነገሩን ከሥሩ መንቀሉ አስደነቀው።

«እስኪ እንመርምረው» አሉ የኔታ፤ ምንይሉ የተዛወረውን የስርጉትን ቀጠሮ ሲያነብላቸው ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «ከነሐሴ ሃያ ጀምሮ፣ ሃያ ስምንት ቀን። አሥሩ ነሐሴን ይጨርሳል፣ አምስቱ ጳጉሜን፣ አሥራ ሦስት ይተርፋል። መስከረም አሥራ ሦስት!»

የታረመው ፕሮግራምም መስከረም አሥራ ሦስት አለ።

ከዚያ ወዲህ ምንይሉ ቀላሉን ሥራ ለፈጣኑ ረዳት ይሰጣል፤ ከባዱን ወደ ብርቱው ይወስዳል፤ የመጣለትንም ሳይመረምር አይቀበልም። ዘጠኝ ቀን የፈጀው ሥራ በአንድ ማለዳ አለቀ፤ አርባውም እናቶች በቀናቸው መጡ።

ለስርጉት ግን መልእክት አልላከም። ራሱ ደውሎ፣ «ስህተቱ የእኔ ነው፣ እቴ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። መስከረም አሥራ ሦስት ቀን መጣች። ልጇ መርፌው ሲነካው ጤና ጣቢያውን በለቅሶ አናጋው፤ በር ላይ የቆመው ምንይሉ ግን በደስታ ይስቅ ነበር።