መድኃኒት የሌለበት መርፌ

አቶ ገብረ ክርስቶስ በስደት በሚኖሩበት በኖርዝ ዮርክ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ከጀመሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ፌርማታ ስተው አያውቁም ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ሁለት ሕፃናት እጃቸውን እያውለበለቡ ቆመው ሳያዩዋቸው አለፉ። ራስ ምታቱ ጨምድዶ ይዟቸው ዓይናቸው ተጭበርብሮ ነበር። ዞረው ተመልሰው ልጆቹን ጫኑ፤ ልባቸው ግን አብሯቸው አልተመለሰም።

ከሰዓት በኋላ ቶርንክሊፍ ፓርክ ወዳለው ሐኪማቸው ሄዱ። ተራ ሲጠብቁ የተቀመጡበት ወንበር እሾህ ያበቀለ ይመስል ይነሳሉ፣ በመስኮት ያያሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ። ወዲያና ወዲህ ሲሉ አንዲት ወጣት ከኮሪደሩ ብቅ አለች።

«ጋሼ ገብረ ክርስቶስ! ሩሃማ ነኝ፣ የሙሉነህ ልጅ።»

ሙሉነህ በሱዳን የስደት ዘመን አብሯቸው አንድ ድንኳን የተጋራ ወዳጃቸው ነው። ልጅቷ አኩፓንክቸር ተምራ፣ ፈቃድ አውጥታ፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ በቀጫጭን መርፌ ታክማለች።

«ምን አመመዎት?»

«ራሴን ነው ልጄ። ምች ሳይሆን አይቀርም። ዳማከሴ ባገኝ ኖሮ እዚህ ባልመጣሁ።»

«እንዴት ያለ ራስ ምታት ነው?»

«ራስ ምታት ነዋ! እንዴት ያለ ብሎ ነገር አለው?»

«እንዴት የለውም ጋሼ? ሆዴን ያለች ሁሉ ምጥ መጣባት ይባላል? አንዱ ራስ ምታት በአንድ ዓይን ዙሪያ እንደ ጦር ይወጋል። ሌላው ከአንገትና ከትከሻ ተነስቶ ግንባርን እንደ መቀነት ጠፍሮ ይይዛል።»

«የኔ ይሄ መቀነቱ ነው» አሉ፣ ሳይወዱ በግድ። «መሪ ስጨብጥ ይጀምረኛል።»

«ክኒን ይወስዳሉ?»

«ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ሩሃማ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጋሼ፣ የራስ ምታት ክኒን በየቀኑ ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ይህን ለዶክተሩ ሳይደብቁ ይንገሩት። ከዚያ እኔ ጋ ይግቡና በመርፌ እንሞክረዋለን።»

«መርፌው ውስጥ ምን መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም።»

«ባዶ መርፌ ልትወጊኝ!» ብድግ አሉ። «ደግሞስ የባዕድ አምልኮ አለበት ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ የጸበል ሰው ነኝ።»

«እኔም ቆራቢ ነኝ ጋሼ። ቻይናዎቹ በጥንት ዘመን በሰውነት ውስጥ የሚዞር ኃይል ብለው አስረዱት። እኔ የማየው ነርቭ ሲነቃቃ፣ የተኮማተረ ጡንቻ ሲፍታታ ነው። ሁሉን ያድናል አልልዎትም። ራስ ምታት የሚመላለስባቸው ሰዎች ግን የሚታመሙበት ቀን ሊቀንስላቸው እንደሚችል ተጠንቷል። ለመሆኑ እናትዎ ዋግምት አድርገው አያውቁም?»

«ታደርግ ነበር። በቀንድ።»

«በቀንዱ ውስጥስ ምን መድኃኒት ነበረበት?»

የተረታ ሽማግሌ ቁጣ ይቀናዋልና አቶ ገብረ ክርስቶስ ኮታቸውን አንስተው ወደ አሳንሰሩ ገሰገሱ። በሩ ሲከፈት አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን በግራና በቀኝ ይዛ ወጣች። አሳንሰሩ ተዘጋ፤ እሳቸው አልገቡም።

«ሩሃማ» አሉ ተመልሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ ልጆች የቆሙበትን ፌርማታ ሳላይ አለፍኩ።»

«ለማን ተናገሩ?»

«ለማንም። ከሥራ ቢያስወጡኝስ?»

«ልጆቹ መንገድ ገብተው ቢሆንስ ኖሮ?» አለች በትሕትና፣ ግን ሳትለሳለስ። «እስኪሻልዎት መሪ አይጨብጡ። ከመርፌው በፊት የምመክርዎት ይህን ነው።»

እዚያው ቆመው ወደ መሥሪያ ቤታቸው ደወሉና የሆነውን ሁሉ ተናገሩ፤ ሐኪም እስኪፈቅድላቸው ከመንዳት እንዲያርፉ ተነገራቸው። እውነት ከባድ ናት፤ ተሸክመው ሲዞሩ ግን ይብስ ትከብዳለች።

ሐኪሙ መርምሮ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለባቸው ነገራቸው፤ ክኒኑን እንዴት እንደሚያቆሙም አሳያቸው። «ድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ያለበት ወይም አፍ የሚያኮላትፍ ከሆነ ግን ክኒንም መርፌም ሳይሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ» አላቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት ጭንቅ ነበር። ክኒን ሲቀር ሕመሙ ባሰ፤ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ሲመላለሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋናዬም እህል ውሃ መቅመስ አቃታቸው። በዚያው ሳምንት እምቢታቸውን ትተው ሩሃማ ጋ ገቡ፤ እሷም ከታሸገ ወረቀት አዲስ መርፌ አውጥታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ ከዚያም ማጅራታቸው ላይ ስትተክል ዓይናቸውን ጨፍነው ስቃይ ጠበቁ። የመጣው የትንኝ ንክሻ ያህል ነው። በሳምንት አንድ ቀን ተመላለሱ። በስድስተኛው ሳምንት በየቀኑ የነበረው ሕመም በሳምንት አንዴ ብቅ የሚል ሆነ፤ ሐኪሙም ወደ ሥራ እንዲመለሱ ፈቀደ።

የዚያን ዕለት ወይዘሮ ፋናዬ አብረዋቸው ነበሩ። አቶ ገብረ ክርስቶስ ወረፋ እየጠበቁ ስለ ነርቭና ስለ ጡንቻ ሲያስተምሯቸው ወይዘሮዋ አዳመጡ። ሩሃማ ስትመጣ ግን ወደ እሷ ዞሩ።

«እኔስ ልጄ? የኔ በአንድ ወገን ነው፤ እንደ ከበሮ ይመታል። ብርሃን ማየት ያቅተኛል፣ ያስመልሰኛል። ወር ጠብቆ ይመጣል።»

«ማይግሬን ይመስላል እማማ። ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ልጄን ይዲድያን ከወለድኩ ወዲህ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል።»

አቶ ገብረ ክርስቶስ ክው አሉ። ባለቤታቸው መጋረጃ ዘግተው የሚተኙባቸውን እነዚያን ቀናት ሁሉ ኩርፊያ ነው ሲሉ ኖረዋል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። የሴት አመል ነው አልከኝ።»

ሕመምን በስሙ የሚጠራ ቤት መድኃኒቱን በጊዜ ያገኛል፤ ክኒን በዘፈቀደ አይቅምም፣ የሚያሰጋውን ከማያሰጋው ይለያል፣ አዲስ ነገር ስለሆነ ብቻ አይሸሽም። ከሁሉ በላይ ግን፣ የራሱን ሕመም ያወቀ ሰው የጎኑን ሰው ሕመም ለመጠየቅ ምክንያት አያጣም።

አቶ ገብረ ክርስቶስ ይህን በአደባባይ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። ተነሱና የሚስታቸውን ቦርሳ ከእጃቸው ተቀበሉ።

«ሩሃማ፣ የዛሬው ቀጠሮዬ ለእሷ ይሁን። ከመጀመሪያው ጠይቂያት፤ እኔም ቁጭ ብዬ ልስማ።»