ሁለቱ ቡሬ

በመቱ መናኸሪያ ረዳቱ «ጎሬ፣ ቡሬ!» እያለ ሲጣራ የጋሼ ፈንታሁን ሆድ ይባባል። ባለቤታቸው ወለተ ማርያም ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ስላለባቸው፣ ከቡሬ የሚገቡትን ሚኒባሶች እያዩ አግዳሚው ላይ ይውላሉ። አንድ ቀን የጎረቤታቸው የዲበኩሉ ልጅ ህሊና፣ የጂኦግራፊ መምህርቷ፣ የተጠቀለለ ካርታ በብብቷ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ግማሾቹ ጣና የት እንዳለ አያውቁም» አለች።

«ቢያውቁስ ሊጠጡት ነው? እኔ ካርታ ሳላይ ስድሳ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ፤ አንድ ቀን አልጠፋሁም።»

«እርስዎ ባይጠፉም ሰው ሊጠፋብዎት ይችላል።»

ይህ ቃል ቁስላቸውን ነካው። «የእኔ ልጅስ አልጠፋችም፤ ጨከነች እንጂ። ነፃነት ከተማረችበት ከተማ በዚያው ሄዳ ቡሬ ሥራ ከያዘች ዓመት ሆናት። በወሩ ለእናቷ ሙት ዓመት ነይ ብላት፣ መንገድ ተዘግቷል አለችኝ። መኪናው ዓይኔ እያየ ይመላለሳል። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አላነሳሁም። አሁን ሙነወር ስልክ መሸጫ ሱቅ ሄጄ ቁጥሯን ላስጠፋው ነው።»

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሱት ይባላል፤ የእሳቸው ማጭድ ስልካቸው ነበር።

«ያኔ ቡሬ ስትደርስ ምን አለችዎት?» አለች ህሊና።

«‹አባይን ተሻግሬ ቡሬ ገባሁ› ብላ ጻፈች። እዚህ ምን አባይ አለ? ያነበበልኝ የሙነወር ልጅ ሰላሃዲንም አስራ ሁለተኛ የጨረሰ ልጅ ነው፤ ‹ቡሬማ እዚሁ ናት› አለኝ።»

ህሊና ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋች። «የእኛ ቡሬ ይኸውና። ይሄ ደግሞ የጎጃም ቡሬ ነው፤ በደሌንና ነቀምትን አልፈው፣ አባይን ተሻግረው የሚገቡበት። ያኔ የተዘጋው ይህ መንገድ ነው።»

ጋሼ ፈንታሁን በጣታቸው ከአንዱ ቡሬ ወደ ሌላው ሄዱ። «ልጄን ዋሾ አልኳት» አሉ። «ዓመት ሙሉ ብቻዬን የተቀመጥኩት በአንድ ስም የተነሳ ኖሯል።»

«ካርታ የማስተምረው ለዚህ ነው፣ ጋሼ። ወጣቱ ነገ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ አገሩን ካላወቀ የት እንደሄደ ለወላጆቹ አያስረዳም፤ ጎርፍ ገባ፣ መንገድ ተቆረጠ ሲባል የማን ወገን እንደተቸገረ አይገባውም። አገሩን ያወቀ ግን ሩቅ ያለን ሰው ቀረ ብሎ አይቀየምም።»

ላወቀ ሰው መሸነፍ ነውር የለውም፤ ግን ያማል። «ነገ ክፍልሽ እመጣለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ሰላሃዲንንም ይዤው እመጣለሁ። አገራችን ውስጥ ስንት ቡሬ አለ ብዬ ተማሪዎቹን እጠይቃቸዋለሁ፤ ላላወቀው የእኔን ታሪክ እነግረዋለሁ።»

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «አባዬ?» አለ የነፃነት ድምፅ፣ በድንጋጤ።

«ልጄ» አሉ፣ እንባቸው ካርታው ላይ እየወረደ። «ለካ ሩቅ ነሽ።»