ከዱቄቱ በፊት

— ሄሎ... ሄሎ፣ ማን ልበል?... ሎሚ ነሽ እንዴ? በማን ስልክ ነው የምትደውዪው?... እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቴፒ ዝናቡ እንዴት ነው?... እዚህ ሚዛንማ ዛሬ ፀሐይ ወጥታለች፣ ኮረሪማዬን አስጥቻለሁ። ሱቅ ነኝ። ረቢያ መጥታ እየተጫወትን ነው... ረቢያ ናታ፣ ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቴ... ምን አስደነገጠሽ?

— አልደነገጥኩም ካልሽ እሺ።

— ቆይ፣ ቆይ። ደህና ነሽ ወይ፣ ምሳ በላሽ ወይ፣ ፊትሽ እንዴት ነው... ፊትሽ እንዴት ነው ብላ የምትጠይቅ እህት አይቼ አላውቅም። ዛሬ አፍሽ ቅቤ ሆኗል። ምን ፈልገሽ ነው?... ምንም? ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል፣ ሎሚዬ።

— ማን ነው ደግሞ መጥቶ ስለ ፊቴ የሚጠይቀኝ?... «አዎ በያቸው»? ምኑን ነው አዎ የምለው?... ዱቄቱን? ያንን በሚኒባስ የላክሽልኝን ጣሳ? እሱን እኮ አልከፈትኩትም። ከማሩ ጀርባ እንደተቀመጠ ነው... አላምነውማ። ያልገባኝን ነገር ወደ ሆዴ አላስገባም።

— እሺ አስረጂኝ፣ እየሰማሁሽ ነው... ኮላጅን... ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው... ሰውነት ራሱ ይሠራዋል፣ ዕድሜ ሲገፋ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። እሱስ ልክ ነው፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስም ነግራኛለች። ግን እሷ ፀሐይ ላይ ስትወጪ ባርኔጣ አድርጊ፣ እንቁላል ብዪ፣ ብርቱካን ብዪ ነው ያለችኝ። ጣሳ ግዢ አላለችኝም።

— ለመሆኑ ከምንድነው የሚሠራው?... ከቆዳና ከአጥንት? የምን ቆዳ?... የከብት ነው የሌላ?... «ይመስለኛል» ምን ማለት ነው? የማታውቂውን ነገር ነው ለሰው የምታጠጪው? እዚህ ቁጭ ያለችው እኮ ረቢያ ናት፣ ይህን ብትሰማ... አንዴ ቆዪ፣ እየጠራችኝ ነው።

— አቤት ረቢያ... ምኑን ልየው?... አምጪው እስቲ፣ መነጽሬን የት ጣልኩት... ትንሽ ከፍ አድርጊው።

— ...

— ሄሎ፣ ሎሚ። አለሽ?... ረቢያ ስልኳን አሳየችኝ። የልጇ ኒካህ ስለደረሰ የፊቷን ማዲያት ልታጠፋ ፈልጋ ነው ለካ የመጣችው። «ይሄን ጠጥተሽ ነው ወይ እንዲህ ያማረብሽ?» ትለኛለች። ዱቄቱን የምትሸጪበት ያንቺ ቻናል ነው። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን። «ከዱቄቱ በፊት»፣ «ከዱቄቱ በኋላ»። ሁለቱም እኔ ነኝ።

— ስልኩን እንዳትዘጊብኝ።

— የሚመስልሽ ሰው ነው አትበዪኝ፣ ፊቴን አውቀዋለሁ። ይሄኛው የዲቦራ ሰርግ ላይ ነው፣ ልጄን ስድር፣ በደስታ ጥርሴ አልገጠም። ያኛውስ? ያኛው የት ነው?... «የድሮ»? ነጠላዬ ተዘቅዝቋል እኮ፣ ሎሚ። ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። ይሄን አይቶ ለቅሶ መሆኑን የሚስት ማን አለ? ረቢያም መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሱን ነው። የአሞጽ ለቅሶ ነው። ባሌን የቀበርኩ ቀን ነው። አንቺ ግን ያን ፊት «የቆዳ መጨማደድ» ብለሽ ቀስት አደረግሽበት።

— ማን እንዳነሳው አልጠየቅኩሽም... አዎ፣ ገበያ እንደቀዘቀዘብሽ አውቃለሁ። ያኔም የጸጉር ቅባቱን ስትሸጪ እንዲሁ ነበርሽ፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። ግን በቁስሌ እንጨት ትሰጃለሽ አላልኩም። በጣም ነው የከፋኝ፣ አልደብቅሽም።

— አሁን ይህቺ ሴት አፍ አፌን እያየች ነው። ምን ልበላት?... «ጠጥቼ ነው» ልበላት? የምን ቆዳ እንደሆነ እንኳ የማናውቀውን?... አይሆንም። እህቴ ብትሆኚም አልዋሽልሽም። እዚሁ እየሰማሽ እነግራታለሁ።

— ረቢያ፣ እኔ ይሄን ዱቄት ቀምሼው አላውቅም። ይሄኛው ፎቶ የባለቤቴ ለቅሶ ላይ የተነሳሁት ነው... አዎ፣ እህቴ ናት... ተያት፣ ለእሷ እኔ አለሁላት።

— ሎሚ፣ ትሰሚኛለሽ?... አጥፊው። አሁን፣ ስልኩ ሳይዘጋ... ማታ አጠፋዋለሁ ብትዪኝ አላምንሽም።

— ሌላም ነገር አለ። እዚህ ትከሻዬ ላይ ጣቶች ይታያሉ። አጠገቤ የነበረው ሰው ተቆርጦ ወጥቷል፣ ጣቶቹ ቀርተዋል። የማን እጅ ነው?... በይ ንገሪኝ... እኔው ልንገርሽ። ያንቺ ነው። የዚያን ቀን እጅሽን ከትከሻዬ አላነሳሽም። ከዚያም ወዲህ በዚያ ጭቃ ከቴፒ እየተመላለስሽ፣ ብዪ እያልሽ ያጎረስሽኝ፣ ጸጉሬን ያጠብሽኝ፣ እየጎተትሽ ወደ ሰው የመለስሽኝ አንቺ ነሽ። የእኔ ፊት የተመለሰው በዚያ ነው። አንቺ ግን ራስሽን ቆርጠሽ ጣልሽና በቦታሽ ጣሳ አስቀመጥሽ።

— አታልቅሺ... አታልቅሺ አልኩሽ።

— «አጠፋሁት»?... ቆዪ። ረቢያ፣ እስቲ እዪልኝ... አሁንም አለ እያለች ነው፣ ሎሚ... እሺ፣ እንደገና ታያለች... ጠፍቷል? በደንብ እዪው... እሺ። ጠፍቷል ትላለች።

— አልተቆጣሁም... ኧረ ተቆጥቻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ያን ፎቶ ላኪልኝ... ሳይቆረጥ፣ አንቺ ያለሽበትን ሙሉውን... ለረቢያ ላሳያት ነው። ታዲያ ምን ተጠቅመሽ ነው ብላ ጠይቃኝ ገና መልስ አልሰጠኋትም... እሺ። ቻው።