ሐኪሙ ለእንቁላሉ ብቻ ነው

ሰዓደት፣ እንዴት አደርሽ? ገበያው ቀዘቀዘ አይደል? ሁዳዴ ከገባ ፍራሽ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። ነይ እዚህ በሩ ጋ ተቀመጪ... ወደ ውስጥ አትዝለቂ፣ ከፍራሹ ክምር ጀርባ ትንሽ ይጨሳል። ኧረ እሳት አይደለም፣ አትደንግጪ። ሰው ነው።

ልጄ ሩታ? ደህና ናት። ሠርጓን ወደ ግንቦት እንዳዛወረች ሰምተሻል? «አባቴ የፊት ጥርሱ ሳይኖር፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ አይመርቀኝም» ብላ እኮ ነው። የልጁ ቤተሰቦች አንዴ እሺ ብለዋል... ሁለተኛም እሺ ይሉ ይሆን? እኔ ምን አውቄ!

ለማንኛውም፣ የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። ስሙ ምን ያደርግልሻል? መንጋጋው ላይ ብረት አስተክሎ ጥርስ ሊያስገጥም ነው። ሐኪሙ «አጥንቱ ብረቱን እስኪይዘው ሲጋራ በአፍህ እንዳይዞር፣ ይወልቃል» አለው። «ለስላሳ ነገር ብላ፣ እንቁላል፣ ወተት» ብሎም አከለበት። ይሄ ጨዋ ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በቀጥታ ንስሐ አባቱ ዘንድ! «አባቴ፣ የሐኪም ትእዛዝ ነውና እንድገድፍ ይፍቀዱልኝ።» ፈቀዱለት። ይኸው በሁዳዴ እንቁላል ፍርፍሩን ይላል፤ ከሐኪሙ ቃል አንዲት አላጎደለ! የሲጋራውንስ ነገር? እሱን እንኳ አልነገራቸውም... ሽማግሌ ማስጨነቅ አይወድማ።

ያንቺው ባል ፈርሀት በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሲጋራ አይነካም አይደል? ምን ያካብዳል? የኛው ሰው እኮ ሆደ ሰፊ ነው፤ እንቁላሉንም አያስቀይም፣ ሲጋራውንም አያስቀይም።

ትናንት ድዱ አብጦ ሲያቃስት አደረ። «ብርድ መታኝ» አለ። መቼም አይዋሽም... ደጅ ቆሞ ሲያጨስ ነፋሱ አይጣል ነው። ሚስቱ ደግሞ እንቁላሉን ጠብሳለት ሽሮዋን ትበላለች። ተናደድሽ አልሽኝ? እኔ? አዎ፣ ስለ ሚስቱ አንጀቴ እርር ይላል። ልጅቷ ቀን ቆርጣ እየጠበቀች፣ እሱ ለአንዲት ሲጋራ...

ከክምሩ ጀርባ ያለው አሳለ መሰለኝ። ተይው፣ እኔ የማወራው ካንቺ ጋር ነው።

በይ እንግዲህ፣ እግዜር ይማረው። ድዱን ይጠግንለት፣ ጥርሱን ያጽናለት፣ ለሠርጉ ቀን ያድርሰው። ለሩታዬም ዛሬ ጠዋት ተክለ ሃይማኖትን ተሳልሜ አንድ ነገር ለምኜላታለሁ... ቁርጥ አባቷን የመሰለ ባል ይስጣት። አሜን በይልኝ።