የሦስተኛው ምዕራፍ ምስማር

ክቡራትና ክቡራን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እዚህ አገር የዩኒቨርሲቲውን ሬክተርም በስሙ ነው የምንጠራው። እንግዲህ ጓዶች፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቶርኬል፣ ለአረንጓዴው ኬክና ለደግ ቃልህ እግዜር ይስጥልኝ። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን እንዲህ አመስግኖኝ አያውቅም፤ ለካ ጡረታ መውጣት ነበረብኝ!

ዕድሜዬን የፈጀሁት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከምሳሌ የሚማር ማሽን አይቶት የማያውቀውን ሲጠየቅ ምን ያህል ይሳሳታል? ወጣት ሳለሁ አንድ ቲዎረም፣ ማለትም የሒሳብ ሕግ፣ አረጋገጥኩ። ባጭሩ፣ የሸመደደ አላወቀም ይላል። በስሜ ተጠራ። ኮራሁበት፤ ምን ይደበቃል?

ከዚያ ቱቫ መጣች፤ የዶክትሬት ተማሪዬ፣ ያቺ አገጯ ላይ የኬኩ ክሬም የተለጠፈባት። ለማሽኗ ከምታስተምረው መሃል ጥቂት የተሳሳቱ መልሶች ሆን ብላ ቀላቀለች። ማሽኑ ስሕተቱን ሳይቀር ሸመደደው። አዲስ ፈተና ሲሰጠው ግን ጎበዝ ሆኖ አረፈው!

"የኔ ቲዎረምስ ምን አለ?" አልኳት።

"መቶ ጥያቄ ቢጠየቅ ከአንድ መቶ ሠላሳው በላይ አይሳሳትም ይላል።"

"ተሳስቷል ማለት ነው?"

"ኧረ አልተሳሳተም፣ ጉንቮር። ምንም አላለም እንጂ።"

ሳቁ፣ ሳቁ፣ ጓዶች። እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም።

ይህ የጥናቷ ሦስተኛ ምዕራፍ ነበር። መቼም ወጋችንን ታውቃላችሁ፤ ተማሪው ጥናቱን በአደባባይ ከመከላከሉ ሦስት ሳምንት በፊት ኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ በምስማር ይመታዋል። ከተመታ ወዲያ ከውስጡ ምንም ማውጣት የለም። በዋዜማው ቱቫ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች።

"ምዕራፉን ላውጣው እንዴ?" አለችኝ። "ሥራ የማገኘው እኮ አንቺ ከደገፍሽኝ ነው።"

"ነገ እነግርሻለሁ" ብያት ወጣሁ። በወንዙ ዳር ስሄድ ንድድ አለኝ። ከፋኝም። ተሳስቼ ቢሆን በተሻለኝ፤ የተሳሳተ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ብሏል! ድልድዩ ጋ ስደርስ ግን ራሴን ጠየቅሁ፦ የድሮ መልሷን በቃሏ ይዛ አዲስ ጥያቄ ሲመጣባት የምትወድቀው ማን ናት? ቲዎረሜ ለቱቫ ማሽን ባይሠራ ለኔ ሠርቷል።

በማግስቱ ሰሌዳው ፊት የመጀመሪያው ምስማር ጎበጠባት። የጥናቷን መጽሐፍ ሰሌዳው ላይ ያዝኩላት።

"ጣቴን እንዳትመቺኝ።"

"ቲዎረምሽን መትቻለሁ፤ ጣትሽን ምሬዋለሁ!"

ሁለተኛው ምስማር ገባ፣ ከነሦስተኛው ምዕራፍ።

ከሰኞ ጀምሮ ኮርሴን የምታስተምረው እሷ ናት። ቱቫ፣ ማሽኑ ሸምድዶም ለምን እንደሚያውቅ ማናችንም ገና በቅጡ አልገባንም። ምናልባት አንድ ቀን አንቺ ታረጋግጪው ይሆናል፤ በስምሽም ይጠራል። ያን ጊዜ ደስ ይበልሽ። ከዚያ አንዱ ተማሪ በርሽን ያንኳኳል።

ወዳጆቼ፣ ጤናውን ይስጣችሁ፤ ብርዱን ያቅልልላችሁ፤ ጥያቄ አይጥፋባችሁ። ለእያንዳንዳችሁም የሚበልጣችሁ ተማሪ ይስጣችሁ። ይህ ምርቃት ነው። እርግማን የሚመስላችሁ በመጀመሪያው ምሽት ብቻ ነው።