የፍስክ እንክብል

— ሄሎ... ሄሎ? ማነው?... ዲያቆን ምሕረትአብ! ምነው፣ በሰላም ነው? እናንተ የገሳይ ሯጮች እኮ ደውላችሁ አታውቁም... ቆይ አንዴ፣ አይሰማኝም። — ጌጤ፣ ያን ማሽን አጥፊልኝ እባክሽ፤ ጆሮዬን በላው። — እህ፣ አሁን ተናገር።

— እኔማ ምን ደኅንነት አለኝ! ላብራቶሪ ነኝ፣ ደብረ ታቦር። ከጠዋት ጀምሬ እዚሁ ተገትሬ... ማሽኑ ነዋ! የእናንተን ደም አንድ ዓይነት አድርጎ ያነባል። ቫይታሚን የዋጠውም፣ ለማነጻጸሪያ ባዶ ዱቄት የዋጠውም እኩል። የአንድ እናት ልጆች ይመስል!... አጠብነው። ደግመን አጠብነው። ከባሕር ዳር ባለሙያ አስመጣሁ፤ «ጤነኛ ነው» ብሎኝ ሄደ። ጤነኛ! ያለፈው ቅዳሜ ከእናንተ ዘንድ እንደተመለስሁ የራሴን ደም ሰጠሁት፣ መፈተኛ ይሁን ብዬ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ቫይታሚን ወስደሻል! እኔ! እንክብል በአፌ ዞሮ የማያውቅ ሰው! ከዚያ ወዲያማ ተስፋ ቆረጥሁ።

— ሰኞ እኮ ነው፣ ምሕረትአብ! ሰኞ ውጤቱን ይዤ ባሕር ዳር አማካሪዬ ፊት እቆማለሁ። አራት ዓመት የለፋሁበት ትምህርት በዚህ ቆርቆሮ... እሺ፣ ተወው። አንተ ለምን ደወልህ?

— ምን?... በድላችሁኛል? ምን አድርጋችሁ?... የኔታ «ሳትነግራት መቅደስ እንዳትገባ» አሉህ?... ኧረ አስደነገጥኸኝ! በእናንተ ፈንታ ሌላ ሰው ደም ሰጠ?... አይደለም። ልምምድ አቆማችሁ?... አይደለም። በል እንጂ! ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምር።

— እህ... እንክብሉ... እህ... ልባሱ ከምን ተሠራ?... ከከብት ቆዳ? ማን አለህ?... ስልክህ ላይ አነበብህ። አዎ፣ እውነት ነው፤ ከቆዳና ከአጥንት ነው የሚሠራው። እና?... እና ጾም ነው... ወይ አምላኬ! የፍስክ ነው ብላችሁ ተዋችሁት!... አልተዋችሁትም?

— ጌጤ፣ ወንበር አቅርቢልኝ። — እየሰማሁህ ነው... ለየኔታ ገብረየሱስ አቀረባችሁ። እሳቸውስ ምን ፈረዱ?... «ልባሱ ይጣል፣ ውስጡ ይበላ።» እንደ ኦቾሎኒ ፈለፈላችሁታ!

— ለምን አትነግሩኝም?... አፈራችሁ... «መምህርት ዓይናለም ትቀየማለች»... ይሉኝታ! ይኼ ይሉኝታ አንድ ቀን አገር ያጠፋል፤ ይኸው በእኔ ጀመረ።

— ቆይ፣ ቆይ። ልባሱ ለእኔ ምኔም አይደለም እኮ። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ፈልፍላችሁ ከላሳችሁ ጥናቱ ምንም አልሆነም! ይህን ለመንገር ነው እንዲህ የተጨነቅኸው? ልቤን አወለቅኸው እኮ... ምን?... ገና አልጨረስህም? በል ቀጥል።

— ቀመሳችሁት... የአንዱ ኮመጠጠ፣ የአንዱ ጣዕም የለው... የፍቅርተ ባዶው ዱቄት ሆነ... አለቀሰች? ምን ያስለቅሳታል?... «ከኋላ ስለምቀር ንቃኝ ነው» አለች? እኔ?... ስማኝ! ዕጣ ነው፣ ዕጣ! የማን እውነተኛ፣ የማን ዱቄት እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ አማካሪዬ ዘንድ ታሽጎ ነው ያለው። እንዳላዳላ ብዬ እኮ ነው ያላወቅሁት!... ነግሬአችኋለሁ! የመጀመሪያ ቀን፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመን... አዎ፣ ብርድ ነበር... አዎ፣ አልሰማችሁም። ማን የሰማኝ አለ!

— እሺ፣ አለቀሰች። ከዚያስ?... በምን ውስጥ?... በበሶው ጀሪካን? የሁላችሁንም? — ጌጤ! ነይ ስሚ! ከሩጫ ሲመለሱ የሚጠጡት በሶ ውስጥ ሁሉንም ገልብጠው፣ በጥብጠው፣ በኩባያ ተካፈሉት! — አትሳቂ! ምን ያስቅሻል?

— ከመቼ ጀምሮ?... ከዘወረደ?! ዛሬ እኮ ኒቆዲሞስ ሊገባ ነው! ጾሙን ሙሉ?... «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል»... አትተርትብኝ፣ ተረቱን አውቀዋለሁ! እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ እናቴ የክምር ድንጋይ ከተማ ሰው ናት። ይኼን ያላወቅሁ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። በአንድ ገበታ ለሚበላ ሰው ሁለት ዓይነት እንክብል ይታደላል?

— አንድ እንኳ፣ አንድ እንኳ ብቻውን የላሰ የለም?... ሙላቴ? ሙላቴ ብቻውን? እግዜር ይስጠው!... ስስታም ብላችሁ አኮረፋችሁት? እሱን የሚያህል ንጹሕ ሰው የለኝም እኮ! አሁኑኑ አቅርበው... ታረቃችሁ? መቼ?... የኔታ አስታረቁ። እሱስ?... የቀረውን በሙሉ ጀሪካኑ ውስጥ ገለበጠ። ካሣ መሆኑ ነው! ጎሽ! ምን ዓይነት እርቅ ወዳድ ሆናችሁብኝ እናንተ!

— ምን እንዳጠፋችሁ ልንገርህ? ያን ሁሉ መንገድ ወደ ጉና ተራራ ስትሮጡ የምትስቡት አየር ውስጣችሁ እሳት ያነድዳል። እሳት ደግሞ ጭስ አለው። ጭሱ ሥጋችሁን፣ ደማችሁን ይጎዳል፤ ብረት እንደሚዝግ ሁሉ። ግን ሰውነት ሞኝ አይደለም፤ በየቀኑ ሲጨስበት መስኮት መክፈት ይለምዳል፣ የራሱን መከላከያ ያበዛል። የእኔ ጥያቄ ይኼ ነበር፦ ጭሱን ከውጭ በእንክብል ብናጠፋለት ይረዳዋል? ወይስ ያሰንፈዋል? መስኮቱን መክፈት ይተዋል?... አዎ! ጎበዝ! ምናልባት ዱቄት የደረሰው ነው የሚጠቀመው! ምናልባት ዕድለኛዋ ፍቅርተ ነበረች!... እኔ ምን አውቄ! ለማወቅ ነበር የምለፋው!

— ማን?... አጠገብህ ናቸው? አይ አይ አይ፣ አሁን አልችልም፣ ተናድጃለሁ፣ እንዳትሰጣ... እንደምን ዋሉ፣ የኔታ?... እግዚአብሔር ይመስገን... አሜን... አሜን... ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?... ኧረ አልተቆጣሁም፣ የኔታ። ጩኸቱ የስልኩ ነው... የለም፣ እርስዎስ በሚገባ ፈርደዋል። መብላቱ ሳይሆን መቀላቀሉ ነው... አዎ... እንግዲህ ስንዴና ገብስ ቀላቅለው ቢዘሩ፣ የስንዴው ማሳ ይሻል ነበር ወይስ የገብሱ፣ በምን ይታወቃል? እንዲያ ነው... «ቀላቅሎ የዘራ አይራብም»... እሱስ ልክ ነዎት... አሜን... ይጸልዩልኝ፣ የኔታ።

— አንተ ልጅ! ስልኩን ለምን ትሰጣቸዋለህ? በሳቸው ላይ መጮህ አልችል፣ በማን ልጩህ?

— ምን አልህ?... እናንተ ለማንም አትናገሩም። አያችሁ? ጌጤም እዚህ እንደዚያው ትለኛለች፤ ማን ያውቅብሻል፣ ዝም ብለሽ አቅርቢው ትላለች። — አዎ ብለሻል፣ አሁን ብለሻል! — አይሆንም። ነገ አንዱ አሠልጣኝ ይህን ጽሑፍ አይቶ ለልጆቹ እንክብል ያድላል፣ ወይም ይነፍጋቸዋል። በሰው ገላ ላይ ውሸት አልጽፍም። ከጣሉኝ ይጣሉኝ... አዎ፣ እያለቀስሁ ነው! አራት ዓመት እኮ ነው፤ ምን ላድርግ ታዲያ?

— ተወው፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም... ሌላ ደግሞ አለ?! ከዚህ የባሰ ምን ይኖራል?... ያለፈው ቅዳሜ... አዎ፣ መጣሁ... ደም ሳልቀዳ በፊት፣ አዎ፣ በሶ ሰጣችሁኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ጠጣሁ። እንዲያውም ኮምጠጥ ስላለኝ «ሎሚ ጨምራችሁበታል ወይ?» ብዬ ፍቅርተን ብጠይቃት አቀረቀረች...

— ምሕረትአብ። ከዚያው ጀሪካን ነው?

— ... እንግዳ ናት ብላችሁ... ሞልታችሁ ቀዳችሁልኝ... አዎ፣ ደገምሁ። ጣፍጦኝ ነበር... ሄሎ? አለሁ፣ አለሁ፤ አልዘጋሁም። እየሳቅሁ ነው መሰለኝ። ወይም ሌላ ነገር ነው፣ እኔም አልለየሁትም።

— ጌጤ... ማሽኑ ደኅና ነው። የእኔንም ደም እውነቱን ነው ያነበበው። ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ስንት ቀን ሙሉ ስረግመው ከረምሁ!

— እሺ፣ አሁን ስማኝ። ሰኞ በማለዳ አንተና ፍቅርተ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ትመጣላችሁ። ባሕር ዳር አብረን እንወርዳለን... ምን ልታደርጉ? ልትሰደቡ ነዋ! እንክብሉን ተካፍላችኋል፤ ስድቡንም ትካፈሉታላችሁ። ያደረጋችሁትን በአፋችሁ ትናገራላችሁ፣ እኔም የጠጣሁትን እናገራለሁ። ብቻዬንማ አልሰደብም... የኔታም? ይምጡ፣ ደስ ይለኛል፤ ከፊት ነው የማስቀምጣቸው። አማካሪዬ ሽማግሌ ፊት ብዙ አይጮህ ይሆናል።

— ለፍቅርተ ንገራት። እኔ አልናቅኋትም። ለዚህ አገር ሰው ለአንዱ እንዲህ፣ ለአንዱ እንዲያ ብዬ ማደሌ ከፍቶኛል በላት። ደግሞም ከአንድ ጀሪካን ጠጥተናል፤ ከእንግዲህ የምንደባበቀው የለም... አዎ፣ አሁን ታለቅሳለች። ታልቅስ። ሁላችንም እያለቀስን ነው።

— በል፣ ካርድህ እንዳያልቅ... ምን? ለመንገድ ስንቅ ይዛችሁ ልትመጡ?... በሶ?! ምሕረትአብ! ባዶውን! ምንም ሳትጨምሩበት፣ ባዶውን በሶ! ሰማኸኝ?... ሄሎ?... ሄሎ? ባዶውን ነው ያልሁህ!... ሄሎ?

— ተቋረጠ፣ ጌጤ።